ኦሮማይ ያላየው መንገድ፦ ባቲና የቅኝ ግዛት ከተማ በልቦለድ

የቅኝ ግዛት ከተማ በልቦለድ እንዴት እንደሚሣል ሲነሳ የእኛ ሐያሲ እጁ ቶሎ የሚዘረጋው ወደ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ነው። አላጠፋም። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ገብቶ የወጣቷ የፊያሜታም የከተማዋም ፍቅር ይይዘዋል። ተራኪው ግን እንግዳ ነው፤ ያውም የመንግሥት እንግዳ። ጣልያኖች ነጭና ጥቁርን በሰፈር ለይተው የቀየሷት ከተማ በእሱ ዓይን ውበቷ ይጎላል፣ ቅያሷ ይደበዝዛል። ጄምስ ጆይስ እ.ኤ.አ. በ1922 በታተመው «ዩሊሲስ» ደብሊንን ያሳየን በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር እየኖረ መንገዷን ቀኑን ሙሉ በሚኳትን ነዋሪ እግር ነበር። ሁለቱ ደራስያን የሚለያዩት በስልት ብቻ አይደለም፤ በቆሙበት ቦታም ጭምር ነው።

ለመሆኑ የቅኝ ገዥ አሻራ የሚፈለገው በትልቅ ከተማ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? በአምስቱ ዓመት ወረራ ጣልያን በወሎ ቆላ ጥሎት የሄደው ዋና ነገር መንገድ ነው፤ ከአሰብ ተነስቶ፣ ባቲን አቋርጦ፣ ኮምቦልቻና ደሴ የሚወጣው። የባቲ ገበያ ግን ለዚህ መንገድ ባለዕዳ አይደለም። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል፤ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል፤ ኦሮሞው በሁለቱ መካከል አስተናጋጅም ነጋዴም ነው። ገዢው የግመሉን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ሻጩ ፊቱን ያዞራል፣ ደላላው የሁለቱን እጅ ይዞ አይለቅም፤ በአንድ ግመል ላይ ሦስት ቋንቋ ይከራከራል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ለኢትዮጵያ ጭነት ተዘጋ፤ ከባድ መኪናውም ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። መንገዱ የተቀየሰለትን ወደብ ሲያጣ ገበያው ሰኞውን አላጣም።

ሙዚቀኞቻችን ከአራቱ ቅኝቶች አንዱን በባቲ ስም ይጠሩታል። ልቦለዳችን ግን ወደዚህ አካባቢ ተጠግቶ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) መቼቱ ይፋትና ጥሙጋ ነው፤ ጣልያን ጣርማ በርን በስቶ ወደ ሰንበቴና ከሚሴ የሳበው መንገድ በአጠገቡ ያልፋል። የመጽሐፉ ዓይን ያረፈው ግን በባለርስቷ በወይዘሮ አሰጋሽ ግቢ፣ በባላባቱና በተማሪው ሙግት ላይ ነው። ይሁንና ስልቱ፣ ተራኪው ዳኛ መሆኑን ትቶ ሰዎቹን ማናገሩ፣ ለገበያ ከተማ የተመቸ ነው፤ በእኔ ግምት ከ«ኦሮማይ» የፍቅር ትረካ ይልቅ።

«ዩሊሲስ» የአንድ ቀን ልቦለድ ነው፤ ባቲም ባቲ የምትሆነው ሰኞ ነው። ከንጋት የግመል ጉዞ እስከ አመሻሽ የመኪና ጭነት ያለው አንድ ሰኞ ለአንድ መጽሐፍ ይበቃል። ስልቱን ዳኛቸው አቆይቶልናል፤ የቀረው ኦሮምኛው፣ አፋርኛውና አማርኛው በአንድ ገጽ ላይ ሳይተረጎሙ እንዲጋፉ የሚፈቅድ ደራሲ፣ ይህንንም ለማተም የሚደፍር አሳታሚ ነው።