በሰዓት የተገደበ አመጋገብ፦ የጓንግዦው ጥናት ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በ2022 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው የጓንግዦው ጥናት ከመጠን በላይ የወፈሩ 139 ሰዎችን ለ12 ወራት ተከታትሏል። ሁለቱም ቡድኖች ካሎሪ ሲቀንሱ፣ አንደኛው ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ ይመገብ ነበር። ይኸኛው በአማካይ 8.0፣ ሌላው 6.3 ኪሎ ግራም ቀነሰ፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ ረገድ ትርጉም ያለው አልነበረም።

ጥናቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ቡድኖች የካሎሪ ገደብ ስለነበራቸው፣ ሰዓቱን ብቻ የሚወስን ሰው ምን ያህል እንደሚቀንስ አያሳይም። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 32 ገደማ ሲሆን የስኳር ሕሙማን አልተካተቱም። በጎልማሳነቱ ክብደት ለመቀነስ የሚመጣው ታካሚያችን ግን ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሊሆን ይችላል። ምግብ ሲዘል የደሙ ስኳር ለአደጋ እስኪዳርገው ሊወርድ ስለሚችል፣ ሰዓት ከመወሰናችን በፊት መድኃኒቱን እንጠይቅ።