ሽሮውን ማን አቀጠነው?

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንዲት ባለሙያ ሴት ነበሩ። ሽሯቸው ሲንተከተክ መንገደኛ ያስቆማል። ሥጋ እቤታቸው የሚገባው ለፋሲካና ለገና ብቻ ነው። ታዲያ እንግዳ ድንገት ሲመጣባቸው ያንኑ ሽሮ ውሃ ጨመር፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርገው ስምንት ሰው ያበሉበት ነበር። «እሳቸው እኮ ከምንም ወጥ ያወጣሉ» እየተባለ ሙያቸው በየለቅሶውና በየማኅበሩ ሲወራ አደግን። ሌላው ነገር የተሰማው ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ ነው። ከአልጋው ሥር ከተገኘው ሳጥን የወጣው ብር ሦስት ቤት ያሠራል ተባለ። (የሰፈር ወሬ ነውና ሁለት እንበለው።) ለቀስተኛው ሁሉ አፉን ያዘ። በሳምንቱ ግን ወሬው ተመልሶ እዚያው፣ የሽሮው ሙያ ላይ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ቤዝቦል ነው። አይሳቁ። ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ከዓመታት በፊት አንድ መጽሐፍ ላከልኝ፤ «ጋሼ፣ ስለ ኳስ መስሎዎት እንዳይተዉት» የሚል ማስታወሻ አድርጎበት። የማይክል ሉዊስ «መኒቦል» ነው፤ በ2003 የታተመ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በ2011 ቤኔት ሚለር ፊልም አድርጎታል፤ ዋናውን ሰው ሆኖ የሚሠራውም ብራድ ፒት ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ2002 የኦክላንዱ ቡድን፣ አትሌቲክስ፣ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ ያወጣው 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የኒውዮርኩ ያንኪስ ደግሞ ከ125 ሚሊዮን በላይ። ይኸው ያንኪስ የውድድሩ ዓመት ከመጀመሩ በፊት የኦክላንድን ዋና መቺ ጄሰን ጂያምቢን በ7 ዓመት የ120 ሚሊዮን ዶላር ውል ወስዶታል። ሌሎች ሁለት ዋና ዋና ተጫዋቾችም ሄደዋል። ተጫዋች የሚገዛውና የሚሸጠው ሥራ አስኪያጅ ቢሊ ቢን በቀረችው ሳንቲም ገበያ ወጣና ሌላው የናቀውን ይለቅም ጀመር። ስኮት ሃትበርግ የሚባለው፣ ክርኑ ተጎድቶ እንደ ቀድሞው መወርወር ያቃተው ሰው፣ ከተለቀሙት አንዱ ነው። ገበያው የሚከፍለው ኳሷን አርቆ ለሚመታ ነበር። ቢን ግን የተበላሸች ኳስ አልነካም ብሎ የሚታገሠውን፣ በዚህም ትዕግሥቱ ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ በነጻ የሚራመደውን ሰው በርካሽ ገዛ። ቡድኑ 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ከ162 ጨዋታ 103 ድል። ያንኪስም ያሸነፈው ልክ 103 ነበር።

ግሩም ታሪክ ነው። አልዋሽም፣ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ጦጣ አንበሳን ስታታልል መስማት የማይወድ ማን አለ?

ችግሩ የሙያ በሽታዬ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን የማደርቅበት አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ «እዚህ ታሪክ ውስጥ መኖር ሲገባው የሌለው ማነው?» እላቸዋለሁ። ይቺኑ ጥያቄ ለ«መኒቦል» ሳቀርብ መጀመሪያ የጠፋብኝ ባለንብረቱ ነው። ፊልሙ ላይ ገና በመግቢያው አለ፤ ቢን ቢሮው ገብቶ ገንዘብ ጨምርልኝ ይለዋል፣ ሰውየው የለም ይላል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ካሜራው ቢንን ተከትሎ ይወጣል፤ ከኪሱ ባለቤት ጋር ደግመን አንቆይም። እጥረቱ እንደ ድርቅ፣ እንደ በረዶ፣ ከሰማይ የወረደ ነገር ይሆናል። የመጽሐፉ ንዑስ ርዕስ እንኳ ጨዋታው ፍትሕ የጎደለው መሆኑን ይናገራል፤ የሚያስተምረን ግን የማሸነፉን ጥበብ ነው። ፍትሑን ማን እንዳጎደለው ሳንጠይቅ ጥበቡን ማድነቅ ጀመርን።

ሁለተኛ የጠፉት ኳስ ወርዋሪዎቹ ናቸው። ቲም ሃድሰን፣ ማርክ መልደርና ባሪ ዚቶ የዚያን ዓመት ቡድን አንገት ነበሩ። ዚቶ የ2002ን የምርጥ ወርዋሪ ሽልማት ወስዷል፤ ሚጌል ቴሃዳ ደግሞ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ፊልሙ ውስጥ ስማቸውን ለመስማት ጆሮ ማቆም ያስፈልጋል። ለምን ተዘለሉ? እነሱ ከገቡ ተረቱ ስለሚበላሽ ይመስለኛል። በዚህ ስፖርት ደንብ አንድ ተጫዋች በትልቁ ሊግ ስድስት ዓመት ሳያገለግል በነጻነት ወደ ገበያ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ ክለቡ የቆረጠለትን ይቀበላል፤ በቀሩት ዓመታት ካልተስማሙ በገላጋይ ዳኛ ይከራከራል። እንግዲህ የቡድኑ ርካሽነት ከሒሳብ ብልሃት ብቻ አልመጣም፤ ዋጋውን መጠየቅ ካልተፈቀደለት የወጣት ጉልበትም ነው የመጣው። ዚቶ ጊዜው ደርሶ ሲፈታ ከ2006 ውድድር በኋላ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። ውሉ 126 ሚሊዮን ዶላር። የ2002ን የኦክላንድን ቡድን በሙሉ ሦስት ጊዜ ይገዛል።

ፍርደ ገምድል አልሁን። ልዩነቱ እውነት ነው። ኒውዮርክ ከቴሌቪዥን የሚያገኘውን ገቢ ኦክላንድ አያገኝም፤ ሊጉም እንደ ሌሎቹ የአሜሪካ ስፖርቶች ለደመወዝ ቁርጥ ያለ ጣሪያ የለውም። ነገር ግን «ትንሽ ገበያ» የምትለዋን አነጋገር ልብ ይበሉልኝ። የምትናገረው ስለ ከተማው ነው፤ ስለ ባለሀብቱ ኪስ ምንም አትልም። ጥፋተኛው ሕዝቡ ነው፤ ለምን በዛ ብሎ አልተወለደም! ያውም እኮ የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ከአሜሪካ ሀብታም አካባቢዎች አንዱ ነው። ሀብታሞቹ ክለቦች ለደሃዎቹ የሚያካፍሉት የገቢ ድርሻም አለ። በ2018 የተጫዋቾች ማኅበር አራት ክለቦችን፣ ኦክላንድን ጨምሮ፣ ይህን ገንዘብ ቡድን ለማጠናከር አላዋሉትም ብሎ ከስሷል።

ከ2005 ጀምሮ ቡድኑን የያዘው ጆን ፊሸር የጋፕ ልብስ ኩባንያ መሥራቾች ልጅ ነው፤ ቢሊየነር። በ2023 ቡድኑ ከሊጉ ዝቅተኛ የሆነውን ደመወዝ ከፍሎ 112 ጨዋታ ተሸነፈ። ጎበዝ፣ በዚያን ጊዜ ብልሃቱ የት ሄደ ይሉኛል። ብልሃቱማ ተሸጧል። ቦስተን ዘዴውንም ገንዘቡንም አንድ ላይ ይዞ በ2004 ከ86 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሣ። በትንሽ ደመወዝ የታወቀውን ታምፓ ቤይን ይመራ የነበረውን አንድሩ ፍሪድማንን የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ በ2014 ወሰደው፤ ያው ዶጀርስ ነው በ2023 መጨረሻ ለሾሄይ ኦታኒ የ700 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመው። የጦጣዋን ዘዴ አንበሳው ተማረው፤ ክርኑና ጥርሱ ግን ድሮም የራሱ ነበር።

ሕዝቡ ዝም አላለም። በጁን 13፣ 2023 ባዶ ይሆን በነበረው ስታዲየም 27,759 ሰው ሆን ብሎ ገባ፤ አረንጓዴ ካናቴራ ለብሶ «ቡድኑን ሽጥ!» እያለ ጮኸ። ተመልካች ስለሌለ ነው የምንለቀው ለተባለው ነገር መልስ መሆኑ ነው። አልተሸጠም። በሴፕቴምበር 26፣ 2024 የመጨረሻው ጨዋታ ኦክላንድ ላይ ተደረገ፤ 46,889 ሰው ተገኘ። ቡድኑ ላስ ቬጋስ ስታዲየም እስኪሠራለት በ2025 ሳክራሜንቶ አጠገብ፣ በአነስተኛ ሊግ ሜዳ ማረፊያ ተሰጠው።

ተማሪዬ በዚያ የመጨረሻ ቀን እዚያ ከተወለደው ልጁ ጋር ስታዲየም ነበር። ማታ ደወለልኝ። «መጽሐፉን እንዴት አዩት ነበር ጋሼ?» አለኝ፤ ከላከልኝ ስንት ዓመቱ! ያን ሁሉ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን ሒስ በስልክ ላወርድበት ስል ከጀርባው የልጁ ድምፅ ተሰማኝ። ልጁ በእንግሊዝኛ የሚናገረው ሲፈጥን አይገባኝም። «ምን አለ?» አልኩት።

«ኮፍያውን አላወልቅም ነው የሚለው። ሳክራሜንቶም አልሄድም ብሏል።»