ውጅግራ

ከአባቶቻችን ጠመንጃዎች ሁሉ ልቤ የሚያደላው ለውጅግራ ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው የመረጡት፣ የ11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ባለ አንድ ጎራሽ ነው። እጀታውን ወደ ላይ አንስተው ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለሁ ይወጣል፤ አንድ ጥይት አጉርሶ መልሶ መቆለፍ ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ መትረየስ ፊት ይዘገያል፤ የጥቁር ባሩዱ ጭስም ተኳሹን ያጋልጣል። ግን ጥይቱ ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር በነበረበት አገር፣ አልሞ መተኮስን የሚያስገድድ መሣሪያ ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው። የናስ ቀለሁም አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ ዳግም ይተኮሳል። ገበሬው ማሳ የጠበቀበትን ይዞ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘመተ፤ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣም ከአርበኛው ትከሻ አልወረደም።