አራት ሜትር ድንጋይ፣ አንድ ምልክት

የእርከን ሥራ የሚጀምረው በሲባጎ ነው። 10 ሜትር ሲባጎ፣ ሁለት እኩል የተቆረጡ እንጨቶች፣ መሐል ላይ የምትንጠለጠል የጣት ያህል ውሃ ልክ። ላይ ጋይንት ውስጥ፣ ጉና በስተምዕራብ ደመና ለብሶ በሚታይበት ተዳፋት፣ ሁለት ሰዎች እንጨቶቹን ቀጥ አድርገው ይይዛሉ፤ ሦስተኛዋ ጎንበስ ብላ የውሃ ልኳን አረፋ ታያለች። «ውረድ… ትንሽ ውጣ… በቃ!» ችካል ይመታል። ደጋ ላይ ዝናቡ ብዙ ስለሆነ መስመሩ ፍጹም ለጥ አይልም፤ ውሃው ሳይቸኩል ወደ ጎን እንዲሸሽ በየ10 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይደረጋል። ይህን ዝቅታ ዓይን አይለየውም። የሐምሌ ውሃ ግን ይለየዋል።

መስመሩን የምታወጣው የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ናት፤ ቀበሌው «ዲኤ» ይላታል። የተማረችው ግብርና ነው፤ የመድን ሹምነት አልተማረችም። ሆኖም በደቡብ ጎንደር ደጋ ሥራና እህል አንድ ላይ ያጣ ቤተሰብ የመንግሥትን እጅ የሚያገኘው በእርሷ መዝገብ በኩል ነው። እንግሊዞች በ1911 እ.ኤ.አ. ለሥራ አጥ የሚከፍል ብሔራዊ መድን በሕግ አቋቁመው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ከደመወዝ ላይ እየቆረጡ ያጠራቅማሉ፣ ሥራ ሲጠፋ ይከፍላሉ። እኛ አገር እንዲህ ያለ መድን የለም። ተቀጣሪ የነበረ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከአሠሪው የስንብት ክፍያ ሊያገኝ ይችላል፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለየዓመቱ የዚያ ሢሶ። መሬቱ የጠበበበትና ጎተራው ከጥር በኋላ የሚራቆት ገበሬ ግን ማን ያሰናብተዋል? ከ1995ቱ ድርቅ በኋላ ታስቦ በ1997 የተጀመረው፣ ሥራ አሠርቶ የሚከፍለው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ከዞኑ ወረዳዎች ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት በፕሮግራሙ የታወቁ ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ይመስላል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን፣ በዓመት 6 ወር። በመጀመሪያው ዘመን የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፤ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 ቀን ሠርቶ 150 ብር ወይም 75 ኪሎ ያገኝ ነበር። ብሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ስሌቱን ወደ ተራራው ይዞ መውጣት ግን ያኔም ዛሬም የእርሷ ፈንታ ነው፤ ሙያው የሚታየውም እዚያ ላይ ነው።

የመንግሥት የሥራ ልኬት አንድ ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን በ250 የሰው ቀን ያልቃል ይላል። ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 4 ሜትር ይደርሳል። የአፈር እርከን ከሆነ 150 የሰው ቀን ነው፤ ለሰው ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ልኬቱ ወረቀት ላይ አንድ ነው፤ ተዳፋቱ ግን እንደየቦታው ነው። ድንጋዩ እግሩ ሥር የተከመረለት ቡድንና ድንጋዩን በባሬላ ከወንዝ ማዶ የሚያመላልስ ቡድን እኩል 4 ሜትር ከተባሉ ፍርድ ተጓደለ። ስለዚህ ጎበዝ ተቆጣጣሪ ጠዋት ከሰዉ በፊት ድንጋዩን ነው የምታየው። ባሬላ የሚሸከሙትን ለብቻ ትቆጥራለች፣ የሩቁን ቡድን ልክ ታሳጥራለች፣ ምክንያቱን በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ትጽፋለች። በፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ መመሪያ የሴቶች የሥራ ጫና በግማሽ ተቀንሷል፤ እንግዲህ 10 ወንድና 10 ሴት ያሉበት ቡድን የሚጠየቀው 60 ሜትር እንጂ 80 አይደለም። ይህን ያልለየ ፎርማን ሃያዋን ሜትር ከሴቶቹ ወገብ ላይ ያወጣታል።

ካቡንም ላዩን አይታ አታልፍም። መሠረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መቆፈሩን፣ ትልልቁ ድንጋይ ታች መዋሉን፣ የውጭ ፊቱ ወደ ተራራው ጥቂት ጋደል ማለቱን፣ ክፍተቱ በጠጠር መሞላቱን ታያለች። በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች። ከተንቀጠቀጠ ታስፈርሳለች። ማስፈረስ ከባድ ነው፤ ጠዋት ሳይበላ የወጣ ሰው የካበውን ድንጋይ እንዲንድ ማዘዝ አንጀት ይጠይቃል። የሚገርመው ግን በዚህ የሚቆጣት ሰው ጥቂት መሆኑ ነው፤ ከእርከኑ በታች ያለው ማሳ የሰዎቹ የራሳቸው ነዋ።

በዚህ አገር የድንጋይ ሥራ መቆጣጠር ንጉሥም ሞክሮታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ፣ በዚሁ በጋይንት በኩል በጨጨሆ መንገድ አስጠርገው ነበር፤ እርሳቸውም በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደነበር በወቅቱ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። የእርሳቸው ሥራ ግን አቴንዳንስ አልነበረውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ አቴንዳንሱ ነው። በግራ የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም፣ ቀጥሎ የቤተሰቡ ቁጥር፣ ከዚያ ቀናቱ በየሳጥናቸው። ደጋው ላይ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔ ዓለም፣ በ29 ለባለ ወልድ ዶማ አይነሣም። ቅዳሜና እሑድን ጨምሩበት፤ የአጥቢያውን ታቦት ጨምሩበት፤ ለቅሶም አለ። በሚቀሩት ቀናት ውስጥ የሁሉንም ድርሻ ማስገባት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ጎበዟ ገና ወሩ ሳይገባ ከቄሱም ከጎጡ ሽማግሌም ጋር ተነጋግራ ቀናቱን ትደለድላለች። ስለዚህም ከወረዳ ወይም ከደብረ ታቦር የሚመጣ የነቃ ሱፐርቫይዘር መዝገቡን ሲገልጥ መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው 21 ላይ ነው። በማርያም ዕለት የመገኘት ምልክት ካገኘ፣ ያ እርከን የተሠራው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀጥሎ ቀለሙን ያያል። የወሩ ምልክት ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት አጣጣል ከተሰለፈ በአንድ ቁጭታ ተሞልቷል። በየዕለቱ የተያዘ መዝገብ ወጣ ገባ ነው፦ ሰማያዊው አልቆ በጥቁር የቀጠለ ረድፍ አለው፣ ጭቃ የነካው ጠርዝ አለው፣ ስሕተት ሲኖር በአንድ መስመር ተሰርዞ ጎኑ ተፈርሞበታል፤ የተሰረዘውም ከሥሩ ይነበባል። ፍሉድ የተቀባበት ሳጥን ካየ ሱፐርቫይዘሩ ጋቢውን አስተካክሎ ይቀመጣል፤ ቶሎ አይሄድም።

ስሞቹም አርፈው አይቀመጡም። ነፍሰ ጡርነቷ በጤና ባለሙያ የተረጋገጠ ሴት ለጊዜው ከድንጋይ ወጥታ ወደ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች፤ ክፍያዋ አይቋረጥም። ሆኖም እርግዝና በደጋው ቶሎ አይነገርም። አንዲት ሴት ባሬላ ማንሣት ስትሸሽ አይታ «ሰነፈች» ብላ የምትጽፍ ሠራተኛ አለች፤ ምንም ሳትጽፍ በማግሥቱ የጤና ኤክስቴንሽኗን ወደዚያ ቤት የምትልክም አለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የትኛውም ፎርም አይጠይቅም።

ከዚያ መዝገቡ ወረዳ ይወርድና ኮምፒውተር ላይ ይገባል፤ ፔይሮል ይሠራል። እዚህ ላይ ትንሿ ነገር ትልቅ ትሆናለች። በተጠቃሚነት ካርዱ ላይ «ወልደ ጊዮርጊስ» የተባለው ሰው በመዝገቡ «ወ/ጊዮርጊስ» ከሆነ፣ የአንዷ አባት በአንዱ ወረቀት «አለሙ» በሌላው «ዓለሙ» ከተጻፈ፣ የሞባይል ክፍያው ለማን እንደሚሄድ ያከራክራል። ያወቀችበት ስሙን ሁልጊዜ ከካርዱ ላይ ፊደል በፊደል ትገለብጣለች፤ ሰውየው ቢነግራትም፣ ብታውቀውም። ክፍያው ሲዘገይ ደግሞ፣ በዚህ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ዘግይቷል፣ ሰዉ የሚጠይቀው ወረዳን ወይም አዲስ አበባን ሳይሆን እርሷን ነው። የያዘችው መልስ መዝገቡ ብቻ ነው፦ «እማማ፣ ቀንዎ ይኸው፤ ከእኔ ዘንድ አልጎደለም።»

ለፕሮግራሙ የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር በሕዝብ ፊት ሲነበብ ማየት ለሚፈልግ ሰው ምክሬ አንባቢዋን ሳይሆን አነባበቧን እንዲያይ ነው። ድሃውን የመረጠው የጎጡ ግብረ ኃይል ነው፤ በውስጡ ሴቶችም፣ ወጣትም፣ ሽማግሌም አሉ። ዘመድ ለዘመድ ማድላቱ ስለማይጠፋ ግን ስሞቹ ጮክ ተብለው ይነበባሉ፣ ወረቀቱም ይለጠፋል። የቸኮለች ሠራተኛ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሳለች። ሌላዋ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ቆም ትላለች። ጎረቤት ጎረቤቱን ለመቃወም ድፍረት የሚያገኘው በዚያች ፋታ ነው፤ «እሱ ሁለት በሬ አለው» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል፣ ሳቅ ይነሣል፣ ሽማግሌው ዝም ያሰኛል። እርሷ አትከራከርም። ቃሉን እንደ ተባለ ጽፋ ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ታስተላልፋለች፤ መራጩም ፈራጁም አንድ እንዳይሆን ነው ኮሚቴው የተቋቋመው።

ሰኔ ላይ ሥራው ይቆማል፤ ሰዉ ወደ ገብሱና ወደ ድንቹ ይመለሳል። እርሷ ግን የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት ቡትስ ጫማዋን አድርጋ ተዳፋቱን ዳር እስከ ዳር ትሄድበታለች። ካቡ የተደረመሰበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ሲባጎው ያለ ጥንቃቄ የተወጠረበት፣ ወይም መሠረቱ በችኮላ የታለፈበት ነው። የትኛው ቡድን በየትኛው ቀን እንደሠራው መዝገቡ ይነግራታል፤ ስንት ሜትር እንደፈረሰ ትለካለች፤ ጥገናውም በሚቀጥለው ጥር ዕቅድ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይገባል፣ በ4 ሜትር ተካፍሎ።