የኮሶ ሻጯ ሙግት

ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ጋፋት በሥነ ጽሑፋችን ዘንድ አንድ ትርጉም ብቻ አላት፤ መድፍ። ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን እዚያ ቀልጠው ሠሩ፤ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚከብደው መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ምስሉ ዛሬ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። በዚህ ደራሲዎቻችንን አልወቅስም። መድፍ ለመድረክም ለልቦለድም ይመቻል፤ ይጮኻል፣ ይጎተታል፣ በመጨረሻም ከንቱ ይሆናል። የምወቅሰው ጩኸቱ ሌላ ድምፅ እንዳንሰማ ስላደረገን ነው።

ያ ድምፅ የአንዲት ሴት ነው። ወይዘሮ አትጠገብ ከባሏ ከኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ተፋታች፤ ሕፃኑን ካሳን ይዛ ጎንደር ገባች። ብዙም ሳይቆይ የልጁ አባት መሞቱ ተሰማ። የሕዝቡ ትረካ እንደሚለው የአባት ወገኖች ርስቱንም ንብረቱንም ተከፋፍለው ለእናትና ልጅ አንዳች አላስቀሩላቸውም። ሴትዮዋም ኮሶ እየሸጠች ልጇን አሳደገች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ያውቀዋል። ልጁ ገዳም ገባ፣ ከደጃዝማች ክንፉ ቤት አደረ፣ ሸፈተ፣ በ1847 ዓ.ም. ነገሠ።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ይህ የጀግንነት ታሪክ መነሻ ነው? አዎ ነው። ከዚያ በፊት ግን የፍች፣ የቀለብና የውርስ ጉዳይ ነው። የቤተሰብ ችሎት የሚያስችል ማንኛውም የወረዳ ዳኛ መዝገቡን ቢያየው ምንም አዲስ ነገር አያገኝበትም፤ እናት ልጅ ይዛ ወጥታለች፣ አባት ሞቷል፣ አጎቶች መሬቱን ይዘዋል።

ሥነ ጽሑፋችን ይህን መዝገብ እንዴት አነበበው? እንደ ስድብ። የኮሶው ነገር በትረካው ውስጥ የሚገባው ካሳን የሚያስቆጣ ነገር ሲፈለግ ነው። የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጯን ልጅ» ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎከረ፤ ድል ሆኖ ሲማረክም ካሳ ኮሶ አጠጣው ይባላል። ጥሩ ትዕይንት ነው፤ አድማጭ ይስቃል፣ ደሙም ይሞቃል። ነገር ግን ልብ ብሎ ላየው በዚያ ቀልድ ውስጥ ወይዘሮ አትጠገብ ሁለት ጊዜ ተሰድባለች። አንድ ጊዜ በወንድይራድ አፍ፣ ሁለተኛ ደግሞ የእንጀራዋ ምንጭ በልጇ እጅ መቅጫ ሲሆን። ኮሶ መሸጥ የሚያሳፍር ነገር ነው የሚለውን ሐሳብ ተበቃዩም ተቀብሎታል ማለት ነው። ማንም ተራኪ ቆም ብሎ «ይህች ሴት ኮሶ ለመሸጥ ያበቃት ምንድን ነው? ማነውስ ሊጠየቅ የሚገባው?» ሲል አልሰማሁም።

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘርይሁን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ አቤ ጉበኛ፤ አራቱም በየጊዜያቸው ወደ ቴዎድሮስ ተመልሰዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለጉዳዩ የቀረበው በርዕሱ ብቻ እንኳ አቤ ይመስለኛል። «አንድ ለናቱ» ሲል ጀግናውን በአባት ስም ሳይሆን በእናት ጠራው። በዘር ቆጠራ ለታጠረው ለዚያ ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም በዚያ ስያሜ ውስጥም እናቲቱ ያለችው ለልጁ ባለቤት ሆና ብቻ ነው። የራሷ ክስ የላትም።

ተረት ነው፣ ጥንት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ሕጉን ወደ ማንበብ ልለፍ፤ ሕግም ድርሰት ነውና እንደ ድርሰት ሊተች ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍችን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። ሕጉ ሽማግሌዎቹን ያያቸው እንደ አስታራቂ ነው፤ የአትጠገብን ታሪክ ያነበበ ሰው ግን ዘመድ ዳኛ ሲሆን ምን እንደሚከተል ያውቃል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥልጣኑን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ ለሽማግሌዎች ማስታረቁን አስቀረላቸው። ይህ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል፤ የደብረ ታቦር ዳኛ የሚገልጠው ይህንኑ ነው።

ልጅን በሚመለከት የድሮው ሕግ ቀጥተኛ ነበር። የሚታየው የልጁ ጥቅም ብቻ ነው ካለ በኋላ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ ልጁ 5 ዓመት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር ይሁን ይላል። የ1992ቱ ቁጥሩን አነሣው። በምትኩ ዳኛው የተጋቢዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም እንዲመዝን አዘዘ። አስተዋይ ድንጋጌ ነው። ነገር ግን የቃላቱን ቅደም ተከተል ተመልከቱ፤ ገቢ ከፊት መጥቷል። ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ጎንደር ገበያ ብንመለስ አንደኛው ወገን ርስት አለው፣ ሁለተኛዋ ደግሞ አንድ ቁና ኮሶ። ሕጉ ለዚህ መልስ አለው፤ ልጁ ከእናቱ ጋር ሆኖ አባት ቀለብ እንዲቆርጥ ሊወሰን ይችላል። አባት ቢሞት እንኳ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆቹ እንጂ ወንድሞቹ እንዳልሆኑ የ1952ቱ ሕግ ራሱ ተናግሯል። ካሳ ዛሬ ቢሆን ኖሮ አጎቶቹ ከመሬቱ ይነሡ ነበር። ይህ የሚሆነው ግን እናቲቱ ክስ ማቅረብ ስትችልና ዳኛው የገቢውን ቃል ብቻውን ሳያነብ ሲቀር ነው። ያን ልዩነት ለዳኛም ለተከራካሪም የሚያሳየው ድርሰት ነበር፤ ድርሰቱ ግን ጋፋት ላይ መድፍ ሲቆጥር ቆየ።

የነገሩ ምሬት በልጁ ልጅ መደገሙ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰው አንድ ሚስት ብቻ ይዞ እንዲኖር የፈለጉ፣ ራሳቸውም ከእቴጌ ተዋበች ጋር የቆረቡ ንጉሥ ነበሩ። ተዋበች ካረፉ በኋላ ያገቧት ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት፤ አባቷ የባሏ እስረኛ ነበሩ። በዚህ ሁኔታ ላይ የነጻ ፈቃድን ጥያቄ ያነሣ ተውኔት ቢኖረን እንዴት በወደድሁ! ጋብቻው አልሰመረም፤ ንጉሡ ወደ ሌላ ሴት ዘወር አሉ። ከጥሩወርቅ የተወለደው ዓለማየሁ መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ትረካዎቻችን ብዙውን ጊዜ በሽጉጧ ድምፅ ያበቃሉ። ክርክሩ የጀመረው ግን መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ነው። ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በጉዞ ላይ ሳለች ሞታ ጨለቆት ተቀበረች። ልጁን አማርኛ የሚናገረው ካፒቴን ስፒዲ ይዞት ሄደ። ሕፃኑ ከስፒዲ መለየት አይፈልግም ነበር፤ ንግሥት ቪክቶሪያም መለየቱን አልወደዱትም። የመንግሥቱ ሹማምንት ግን ወጪውንና ትምህርቱን አስልተው ከስፒዲ ነጥለው አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት። አገር ቤት የቀሩት የእናቱ እናት ስለ ልጁ ደብዳቤ ጻፉ፤ የልጅ ልጃቸውን ዳግመኛ አላዩትም። ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ላይ በሳንባ ሕመም ሞተ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ገቢ፣ ጤና፣ የኑሮ ሁኔታ፤ የለንደን ሹማምንት የመዘኑት እነዚህኑ ነው። ጨካኞችም አልነበሩም። መዝገቡን የዘጉት ግን አያቲቱን ሳይሰሙ ነው፤ የጎንደር አጎቶችም ርስቱን ሲካፈሉ አትጠገብን አልሰሙም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመንግሥት ማኅተም ብቻ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የዓለማየሁ አፅም እንዲመለስ በተደጋጋሚ ተጠይቋል። በ2015 ዓ.ም. የቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት በዊንዘር በአካባቢው የተቀበሩትን የሌሎች ሰዎች አፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መልሷል። በእኛም በኩል ነገሩ የሚነሣው እንደ ተዘረፈ ቅርስ ነው፤ ከዘውዱና ከብራናው ጋር በአንድ ዝርዝር። ልጁ አያት እንደነበረው፣ አያቲቱም ጠይቀው መልስ እንዳጡ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ለመድረክ ጸሐፊዎቻችን ይህ ያልተነካ ጉዳይ ነው፤ መድፍ አይጠይቅም፣ ብዙ ተዋናይም አይፈልግም። አንዲት አሮጊት፣ አንድ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ አንድ የሩቅ አገር ሹም፣ ከሌላው ጥግ ደግሞ ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶዋን ዘርግታ።