«ምናልባት» ስንት ነው?

የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች በ1951 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሰነድ፣ ዩጎዝላቪያ በዚያው ዓመት ልትጠቃ እንደምትችል «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» (በቁም ሊታሰብበት የሚገባ፣ ሊሆን የሚችል ነገር) በሚል ሐረግ ገለጹ። አንድ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ከአዘጋጆቹ አንዱን፣ ሸርማን ኬንትን፣ ሐረጉ በቁጥር ስንት እንደሚሆን ጠየቋቸው። ኬንት 65 ለ35፣ ወደ መጠቃቷ ያደላል ብለው መለሱ። ባለሥልጣኑ ደነገጡ፤ እሳቸው የተረዱት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር።

ኬንት ዞረው ባልደረቦቻቸውን ጠየቁ። ሁሉም የተስማሙበት ሐረግ ለአንዱ 80 ለ20፣ ለሌላው 20 ለ80 ሆኖ ተገኘ። በ1964 ባሳተሙት ጽሑፍ «ፕሮባብል» 12 ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ቢል 75 በመቶ፣ «ኦልሞስት ሰርተን» (እርግጠኛ ለማለት ጥቂት የቀረው) ደግሞ 93 በመቶ ገደማ እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ይህ ጥያቄ በየገጹ ይገጥመዋል። «ፖሲብል» ነገሩ አይሆንም አይባልም ከማለት አያልፍም። «ፕሮባብሊ» እና «ላይክሊ» ግን ከግማሽ በላይ ያደላሉ። ሁሉንም «ምናልባት» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ሚዛኑ ግን ይጠፋል።

አማርኛ ሚዛኑን የሚያስቀምጠው በአብዛኛው ግሱ ላይ ነው። «ይመጣ ይሆናል» ነገሩን ክፍት ይተወዋል። «ሳይመጣ አይቀርም» በሁለት አሉታ ተደግፎ ወደ መምጣቱ አጥብቆ ያደላል፤ ለ«ፕሮባብሊ» የሚቀርበውም እሱ ነው። ስለዚህ በቃል የሚያስተረጉም ሰው በእንግሊዝኛው መጀመሪያ የሰማትን ቃል እስከ ማሰሪያ አንቀጹ ይዟት መቆየት አለበት።

ፈተናው የሚከብደው «ቻንስ» ላይ ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን ለሎተሪም ለደም መፍሰስም ያውለዋል። «ዕድል» ግን በአማርኛ በጎ ነገር ያስጠብቃል፤ «የመድማት ዕድል» የሚለው ለታማሚ ጆሮ ይጎረብጣል። «ሊደሙ ይችላሉ» ቢባል ቋንቋው ይቃናል፣ መጠኑ ግን ይቀራል።

የአውሮፓ ኅብረት የመድኃኒት መግለጫዎች ለዚህ መላ አላቸው። የጎንዮሽ ጉዳትን «ኮመን» ሲሉ ቢበዛ ከ10 ሰዎች አንዱን ሊያጋጥም ይችላል ማለታቸው ነው፤ ይህንንም አብረው ይጽፉታል። ተርጓሚው «የተለመደ» ብሎ ቢያቆም አንባቢው ብዙውን ሰው የሚይዝ ሊመስለውና መድኃኒቱን ሊተው ይችላል። «ከ10 ሰዎች ቢበዛ አንዱን ሊያጋጥም ይችላል» ብሎ ቁጥሩን ሲያስከትል፣ ክኒኑን በእጁ የያዘው ሰው ምን ያህል መስጋት እንዳለበት ራሱ ይመዝናል።