«ማዳቀል» ወይስ «ቅመማ»? በአስተላላፊ ፖሊመሮች ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ፕላስቲክ በተለምዶ የሚታወቀው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሸፈንበት፣ ኤሌክትሪክን የሚያግድ ቁስ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ግን ሺራካዋ፣ ማክዲያርሚድና ሂገር ፖሊአሴቲሊን የተባለውን ፖሊመር ለአዮዲን ተን ቢያጋልጡት አስተላላፊነቱ እጅግ እንደሚጨምር አሳዩ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2000 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። «አስተላላፊ ፖሊመር» የሚለው ስያሜ ብዙ አያከራክርም። አከራካሪው አዮዲኑ የፈጸመው ተግባር፣ በውጭ ቋንቋ «ዶፒንግ» የሚባለው ነው።

ተርጓሚው «ማዳቀል» ሊል ይቃጣው ይሆናል። ቃሉን በቆቦና በራያ ቆላ ለሚኖር ተማሪ ብናቀርብለት ምን ይረዳል? ማሽላ ዋነኛ ሰብል በሆነበት በዚያ አገር «ድቅል» ከሁለት ወላጆች የተገኘ ዘር ነው። አዮዲኑ ግን ከፖሊመሩ ሰንሰለት ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ በሰንሰለቱ ላይ የሚቀረውም አዎንታዊ ሙል በመንቀሳቀሱ ኤሌክትሪክ ያልፋል። «ብክለት» ቢባልም ታስቦበት የሚደረገውን እንደ ጥፋት ያስቆጥረዋል።

«ቅመማ» ከሁለቱ ይሻላል፤ መድኃኒት ቀማሚም ሆነ ወጥ ሠሪ ሆን ብሎ መጥኖ ይጨምራልና። ይሁን እንጂ ቅመም ሲባል ጥቂትነትን ያሳስባል። ይህ ለሲሊከን ልክ ነው፤ ከሚሊዮን አቶሞች አንድ እንኳ ይበቃዋል። በፖሊፒሮል ግን ለሦስት ወይም ለአራት ቀለበቶች አንድ ሙል ያህል ይደርሳል። ስለሆነም ቃሉ ያለ ብያኔ ብቻውን ሊቆም አይችልም።

የስያሜው ጉዳይ የእኛንም ምርምር ይነካል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሽመልስ አድማሴ ከስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ ፖሊፒሮልን ከሊግኒን ጋር አዋሕደው ለኃይል ማጠራቀሚያ የሚሆን ኤሌክትሮድ አቅርበዋል። ሊግኒን የማሽላን አገዳ ጭምር የሚያጠነክር የዕፅዋት ውሑድ ነው። በዚህ ጥምረት ፖሊፒሮሉ ሙል ያስተላልፋል፤ በሊግኒኑ ውስጥ ያሉት ኪኖን የተባሉ ክፍሎች ደግሞ ሙል ይይዛሉ። እዚህ ላይ በእርግጥ ሁለት ቁሶች ስለተዋሐዱ «ድቅል ቁስ» ማለት ያስኬዳል። «ማዳቀል» ለዶፒንግ ቀድሞ ከተሰጠ ግን፣ አንባቢው በአንዱ ዐረፍተ ነገር የተዋሐደው ሊግኒኑ ይሁን ኤሌክትሮን የወሰደው ንጥረ ነገር ሊለይ አይችልም።

ስለዚህ «ድቅል» ለቁሶች ውሕደት ይጠበቅ፤ ለዶፒንግ «ቅመማ» ይሰየም። ብያኔውም «ኤሌክትሮን በመውሰድ ወይም በመስጠት የአንድን ቁስ አስተላላፊነት መለወጥ» ቢሆን፣ ስያሜው ያጎደለውን የመጠን ጉዳይ ሳያዛባ ለሲሊከኑም ለፖሊመሩም ያገለግላል።